ከዓለም ባንክ እስከ ባቱ፦ ባትሪው በእውነት የት ያደርሳል?

ዓለም ባንክን የማያውቅ ሰው ስሙን ሲሰማ ትልቅ ሕንፃ ይጠብቃል። ነገሩ ግን ሰፈር ነው። በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአየር ጤና አለፍ ብሎ፣ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ጫፍ የሚገኝ፣ የታክሲ ረዳቶች ከጠዋት እስከ ማታ "ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!" እያሉ የሚጠሩለት የመኖሪያ ሰፈር። ነባር ነዋሪዎቹ ስሙ የመጣው በዓለም ባንክ ብድር ከተሠሩ ቤቶች ነው ይላሉ።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በሰፈሩ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ላይ አንድ ለውጥ አለ። ድሮ በኮብል ስቶኑ ላይ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች መኪና መምጣቱን የሚያውቁት በሞተሩ ድምፅ ነበር። አሁን ግን ከኋላቸው ደርሶ ክላክስ እስኪያሰማ ድረስ የማይሰሙት መኪና በዝቷል። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ የተነገረው በጥር 2016 ዓ.ም ነበር። ከዚያ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የጎረቤት ወሬ መሆኑ ቀርቶ በየግቢው በር ላይ ቆሞ የሚታይ ነገር ሆኗል። መኪና አከራዮችም ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለእንግዳና ለዕረፍት ጉዞ የኤሌክትሪክ መኪና ማቅረብ ጀምረዋል።

ታዲያ መኪናው በር ላይ በቆመ ቁጥር አላፊ አግዳሚው የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ "አንዴ ሲሞላ ስንት ይሄዳል?"

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን መንገዱን፣ ፍጥነቱን፣ ከፍታውንና የምንሄድበትን ቤት ጭምር ይዞ ይመጣል። ባለፈው ጊዜ ባቱ ለምትኖረው የአክስቴ ልጅ፣ ለልጇ ክርስትና ቤተሰቡን ይዘን ለመሄድ አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ለሦስት ቀን ስንከራይ ይህንኑ ጥያቄ በወረቀትና በመንገድ ላይ ለመመለስ ዕድል አገኘሁ።

"እስከ" የምትለው ቃል

ሙያዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ "እስከ" የምትለውን ቃል በደንብ አውቃታለሁ። "እስከ 50 በመቶ ቅናሽ" በሚል ሱቅ ውስጥ አብዛኛው ዕቃ 50 በመቶ እንደማይቀንስ ሁላችንም እናውቃለን። የመኪና ርቀትም እንዲሁ ነው። የተከራየነው ቢዋይዲ ሲጋል፣ ትልቁ ባትሪ ያለው ዓይነት ነበር። ባትሪው 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ርቀት ደግሞ 405 ኪሎሜትር ነው። አከራዩም ቁልፉን ሲሰጠን "ከሞላ 400 ይሄዳል፤ አታስቡ" አለን።

ቁጥሩ ውሸት አይደለም። የተለካበት መንገድ ግን የእኛ መንገድ አይደለም። ለቻይና ገበያ የሚሠሩ መኪኖች የሚለኩት ሲኤልቲሲ በሚባለው የቻይና መመዘኛ ነው። በዚህ ፈተና ውስጥ የመኪናው አማካይ ፍጥነት በሰዓት 29 ኪሎሜትር ገደማ ነው። የከተማ ውስጥ መንዳት ማለት ነው፦ መሄድ፣ መቆም፣ እንደገና መሄድ። ደብሊውኤልቲፒ የሚባለው የአውሮፓ መመዘኛ አማካይ ፍጥነቱ 46 ኪሎሜትር ገደማ በመሆኑ ለዚያው መኪና ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ሁለቱም ግን መኪናውን ለሁለት ሰዓት ያህል ያለማቋረጥ በ100 ኪሎሜትር ፍጥነት እንደሚነዳ ሰው አይነዱትም።

ነገሩ ከነዳጅ መኪና ልምዳችን ጋር የተገላቢጦሽ ነው። የነዳጅ መኪና ከተማ ውስጥ ብዙ ይጠጣል፣ አገር አቋራጭ ላይ ይቆጥባል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን የሚቆጥበው ከአየር ጤና እስከ ጦር ኃይሎች ባለው መጨናነቅ ውስጥ ነው። በቆመ ቁጥር የሚያባክነው ኃይል ትንሽ ነው፤ እግር ከፔዳል ሲነሳም ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ ለባትሪው ይመልስለታል። በፍጥነት መንገድ ላይ ግን ዋናው ጠላት አየር ነው። የአየሩ ግፊት በፍጥነቱ እጥፍ እጥፍ ያድጋል፤ በ120 የሚሄድ መኪና በ80 ከሚሄደው ይልቅ ከሁለት እጥፍ በላይ የአየር ግፊት ይገጥመዋል።

ከመውጣታችን በፊት

ከዓለም ባንክ ባቱ በምንሄድበት መንገድ 185 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልስ 370። በወረቀት 405 የሚሄድ መኪና ይዞ የሚነሳ ሰው "ሞልቼ ሄጄ ሳልሞላ እመለሳለሁ" ቢል አይፈረድበትም።

እኔ ግን ሌላ ስሌት ያዝኩ። 405 ኪሎሜትር እንዲሄድ መኪናው በየ100 ኪሎሜትሩ ከ10 ኪሎዋት ሰዓት በታች መፍጀት አለበት። በፍጥነት መንገድ ላይ፣ አራት ሰውና ሻንጣ ጭኖ፣ 14 ቢፈጅ ብዬ አሰብኩ። 39ን ለ14 ሲያካፍሉት 280 ኪሎሜትር አይሞላም። ከዚህ ላይ የማይነካ መጠባበቂያ 20 በመቶ ሲነሳ የሚቀረው 220 ኪሎሜትር ነው። ከተጻፈው ግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ ማለት ነው።

ስለዚህ ባቱ መድረስ ጥያቄ አልነበረም። ጥያቄው መመለስ ነበር። ክርስትናው እሑድ ማለዳ ነው፤ ሰኞ ልጆች ትምህርት ቤት አላቸው፣ መኪናውም ሰኞ ጠዋት ይመለሳል። በመሐል ያለችው አንዲት ሌሊት ናት፤ መኪናውን የምንሞላውም በአክስቴ ግቢ ሶኬት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ቢሆን አማራጭ አለ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም በቦሌ መንገድ በቴሌብር የሚከፈልበት ፈጣን የመሙያ ጣቢያ ከፍቷል። ለዓለም ባንክ ሰው ግን ቦሌ የከተማው ሌላኛው ጫፍ ነው። የሰፈሩ ሰው መኪናውን የሚሞላው በቤቱ ነው። ቤቱ የጋራ ግቢ ከሆነ ደግሞ ቆጣሪውም የጋራ ነው፤ ከአከራይና ከተከራይ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይጠይቃል። ወር ሲደርስ "ይህ ሁሉ ካርድ የት ገባ?" ከመባባል በፊት ማለት ነው።

ቁልቁል

ቅዳሜ 5 ሰዓት ላይ መቶ በመቶ ሞልቶ ተነሳን። በአየር ጤና፣ በዘነበወርቅ አድርገን ወደ ቀለበት መንገድ ገባን፤ በጀርመን አደባባይና በሃና ማርያም በኩል ቃሊቲ ወረድን። ከተማውን ለመውጣት አንድ ሰዓት ፈጀብን፤ ባትሪው ግን 7 በመቶ ብቻ ነበር የቀነሰው።

ቱሉ ዲምቱ ላይ ካርድ ይዘን በ2006 ዓ.ም ወደተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ገባን። ከዚህ ጀምሮ መንገዱ ይወርዳል። ልጆቹ ከኋላ ሆነው በስተቀኝ የዝቋላን ተራራ እየተመለከቱ "ለምን ብቻውን ቆመ?" ይላሉ። ዱከም አለፈ፣ ቢሾፍቱ አለፈ። ሞጆ ላይ ወደ ባቱ በሚወስደው አዲሱ የፍጥነት መንገድ ታጠፍን። ከዚያ የስምጥ ሸለቆው ሙቀት በመስኮት ይገባል፤ ግራርና ሽንኩርት የተተከለበት ማሳ ይታያል። በዚህ አካባቢ አዋሽን የገደበው ቆቃ አለ፤ በ1952 ዓ.ም ሥራ የጀመረ፣ ለመብራት ካገለገሉን ቀደምት ግድቦች አንዱ። በመብራት የሚሄድ መኪና ይዞ በአጠገቡ ማለፍ ደስ ይላል።

ባቱ የገባነው 8 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ባትሪው 42 በመቶ ላይ ነበር። ባለቤቴ ስክሪኑን አይቶ "ጥሩ ነው፣ ከግማሽ ትንሽ በለጥ ያለ ነው የበላው፤ ስንመለስም ያው ነው" አለ።

ያው አይደለም። ዓለም ባንክ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ባቱ ደግሞ 1,640 አካባቢ። ስንሄድ የወረድነውን ከ600 ሜትር በላይ ስንመለስ መውጣት አለብን። ከነሰው ከነዕቃው ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና ይህን ያህል ከፍታ ለመውጣት ብቻ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ከባትሪው 8 በመቶ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ፣ ወደ ባቱ፣ ወደ ሐዋሳ የሚወርድ ሁሉ ሲሄድ የሚያየው ቁጥር ቁልቁለቱ የሰጠው ነው። መልሱ ላይ ዳገቱ ያስከፍላል።

እውነቱን ለመናገር አገራችን ለዚህ መኪና የሰጠችው በረከትም አለ። ከፍታው ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ በባቱ ከፍታ ከባሕር ጠለል ይልቅ 15 በመቶ፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ 20 በመቶ ያህል ይሳሳል። መኪናው የሚገፋው አየር ቀለለ ማለት ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ክረምት ባትሪን የሚያደክመው የበረዶ ብርድም እኛ ዘንድ የለም።

ምጣዱና መኪናው

ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ይዘን ወደ ሐይቁ ወረድን። ደምበል ይሉታል፣ ዝዋይም ይሉታል። በጀልባው መቆሚያ አባ ኮዳዎች እንደ ሽማግሌ ትከሻቸውን ሰብቀው ይቆማሉ፤ ዓሣ አጥማጆች የሚጥሉላቸውን ይጠባበቃሉ። ማዶ አምስት ደሴቶች አሉ። ትልቁ ቱሉ ጉዶ የደብረ ጽዮን ገዳም መገኛ ነው፤ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ወደዚያ ሸሽቶ ነበር የሚል ትውፊት አለው። በደሴቶቹ የሚኖሩት የዘይ ሰዎች የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ከውሃው ዳር የተጠበሰ ቆሮሶ በሚጥሚጣ በልተን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ቤት ተመለስን።

ግቢው በሰው ተሞልቶ ነበር። ሁለት ሴቶች እየተፈራረቁ እንጀራ ይጋግራሉ። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ደግሞ 2 ኪሎዋት ያህል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰኩ የቤቱ ብሬከር ይወድቃል። በክርስትና ዋዜማ ደግሞ ምጣድ ነቅሎ መኪና የሚሰካ ሰው የለም።

ስለዚህ መኪናው ተራ ጠበቀ። የመጨረሻው እንጀራ ሲወጣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ሆነ። አስቀድመን ሶኬቱ የመሬት መስመር ያለው መሆኑን አረጋገጥን፤ ያ ከሌለ ብዙ ቻርጀሮች መሙላት እምቢ ይላሉ፤ ቢሞሉም አደጋ ነው። ቀጭን ኤክስቴንሽንም አልተጠቀምንም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ይግላል፣ ይቀልጣል። በቀጥታ ከግድግዳው ሰካነው። በዚህ ዓይነት ቻርጀር በሰዓት ከባትሪው 4 ከመቶ ተኩል ያህል ይሞላል፤ ቀስ ያለ ነው፣ ሌሊቱ ግን ረጅም ነው።

ለአክስቴ የካርድ መሙያ ብር ልሰጣቸው ስል ተቆጡ።

"ድሮ እንግዳ ሲመጣ ለበቅሎው ሣር ይጣልለት ነበር። ያንቺ በቅሎ መብራት ትበላለች። ታዲያ ለሣር ያስከፈለ አለ?"

ይህን ብለው የቡናውን ረከቦት ሊያነሱ ሄዱ። እኔም አልተከራከርኳቸውም፤ ለአክስቴ ልጅ ሹክ ብዬ ካርዱን እንድትሞላው አደረግሁ። በመብራት የሚሄድ መኪና ይዞ ዘመድ ጥየቃ የሚሄድ ሰው ይህችን ነገር አስቀድሞ ቢያስብባት ጥሩ ነው። ነዳጅ በመንገድ ላይ ስለምንገዛው የማንም ሸክም አልነበረም፤ መብራቱ ግን የሚወጣው ከባለቤቱ ካርድ ነው።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ተመልሶ የመጣው 11 ሰዓት ላይ ነው፤ እኛ ለቤተ ክርስቲያን ስንነሳ። ክርስትናው አልቆ፣ ሕፃኑ ስሙን ይዞ፣ ዶሮው ተበልቶ 6 ሰዓት ላይ መኪናውን ስነቅለው ስክሪኑ 83 በመቶ ይላል። መብራት ባይጠፋ ኖሮ ሞልቶ ነበር።

ዳገት

83 በመቶ ይበቃል ወይ? በ100 ኪሎሜትር ፍጥነት ብንነዳ፣ ዳገቱን ጨምሮ እስከ ዓለም ባንክ 72 በመቶ ያህል እንደምንፈጅ አስልቼ ነበር። የሚቀረን 11 በመቶ ነው። ከፊት ለፊት ንፋስ ቢነሳ፣ ቃሊቲ ላይ መንገድ ቢዘጋ፣ ልጆቹ ኤሲ ይከፈት ቢሉ ያች 11 በመቶ ትሳሳለች። ሁለት ሕፃናት ይዞ በምሽት መንገድ ዳር መቆም ደግሞ የሒሳብ ጉዳይ አይደለም።

እዚህ ላይ ነው የኤሌክትሪክ መኪና ሁለተኛው ባትሪ የሚመጣው። ፍጥነት ነው። በቀኝ መስመር ይዘን በ80 መንዳት ጀመርን። ከባቱ እስከ ቱሉ ዲምቱ ባለው 155 ኪሎሜትር ላይ በ100 እና በ80 መካከል ያለው ልዩነት 23 ደቂቃ ብቻ ነው። የጭነት መኪኖች አለፉን፣ አውቶቡሶች አለፉን። ትልቁ ልጄ "እማዬ፣ ሁሉም እየቀደመን ነው" ብሎ አዘነ። ትንሿ ግን ተኝታለች።

መቂን ስናልፍ ስክሪኑ ላይ ካሰብኩት በላይ ተርፎ ነበር። ከሞጆ በኋላ ዳገቱ ይታወቃል፤ ዓይን መንገዱን ሜዳ ነው ይላል፣ ቁጥሩ ግን ፈጥኖ ይወርዳል። ከቢሾፍቱ እስከ ቱሉ ዲምቱ ለተመሳሳይ ኪሎሜትር ስንሄድ ከፈጀነው የበለጠ ፈጀን። ዓለም ባንክ ስንደርስ 23 በመቶ ቀርቶን ነበር። በ80 በመንዳታችን ከባትሪው 12 በመቶ ያህል ተርፎልናል፤ የ23 ደቂቃ ዋጋ ይህ ነው።

ለቤተሰብ ጉዞ የሚከራይ ሰው ምን ይጠይቅ?

ከዚህ ጉዞ በመነሳት፣ መኪና ተከራይታችሁ ከከተማ ለምትወጡ ጥቂት ነገሮች ልበል።

የተጻፈውን ርቀት ለሁለት ክፈሉት። በፍጥነት መንገድ ላይ፣ መጠባበቂያ ይዛችሁ፣ በልበ ሙሉነት የምታቅዱበት ቁጥር እሱ ነው። ከዚያ በላይ ከሄደ ትርፋችሁ ነው።

ስክሪኑን ብቻ አትመኑ። አንዳንዱ መኪና የሚያሳየው የፋብሪካውን ቁጥር ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ትናንት ከተማ ውስጥ በነዳችሁት መጠን ይገምታል። የባትሪውን በመቶ ተመልከቱ፤ በየ50 ኪሎሜትሩ ምን ያህል እንደቀነሰ ጻፉ። ሁለተኛው 50 ላይ መኪናችሁን ታውቁታላችሁ።

መጀመሪያ መመለሻውን አስሉ። ወደ ስምጥ ሸለቆ የምትወርዱ ከሆነ ለመመለሻው ተጨማሪ 10 በመቶ ያዙ። ወደ ምዕራብ፣ በሰበታ በኩል ወሊሶ የምትሄዱ ከሆነ መንገዱ የፍጥነት መንገድ ስላልሆነ ቀስ ብላችሁ ትነዳላችሁ፤ ባትሪውም ይበረክታል። ከወሊሶ ወደ ወንጪ የምትወጡ ከሆነ ግን የሐይቁ አፋፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ዳገቱ የሚጠብቃችሁ በመሄጃው ነው፣ መመለሻው ይካሳል።

ውሉን ስትፈርሙ ከከተማ ውጭ መንዳት መፈቀዱን፣ ቻርጀሩ አብሮ መሰጠቱን፣ ትርፍ ጎማ መኖሩን ጠይቁ፤ ብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ትርፍ ጎማ የላቸውም። መኪናው ሲመለስ ባትሪው ስንት በመቶ መሆን እንዳለበትም በጽሑፍ ይስፈር። የእኛ ውል ግማሽ ይላል፤ ስለዚህ እሑድ ማታ የአከራያችንን ፈቃድ ጠይቀን ከጋራው ቆጣሪ እስከ ንጋት ሞላነው፤ የፈጀውንም በቆጣሪው ንባብ አስበን ከፈልን። ለአከራይና ተከራይ ፍቅር ከዚህ የተሻለ መላ የለም።

ለምትሄዱበት ቤትም ቀድማችሁ ደውሉ። "መጣን" ለማለት ብቻ አይደለም። ሶኬቱ የት ነው? የመሬት መስመር አለው? በአካባቢው መብራት ስንት ጊዜ ይጠፋል? ምጣድ የሚጣደውስ መቼ ነው?

ስለዚህ "ስንት ይሄዳል?" የሚል ጎረቤት ሲመጣ አሁን የምሰጠው መልስ ቁጥር አይደለም። "የት ነው የምትሄዱት? ማንስ ቤት ነው የምታድሩት?" እላለሁ። ይህን ሲነግሩኝ ስሌቱን አብረን እንሠራለን።